ቀዳዳ የሌለው ጣሪያ

መርሳ ላይ ወርዳችሁ «ሙስዐብ ቆርቆሮው» ብትሉ ማንኛውም ባጃጅ ነጂ ደጄ ድረስ ያመጣችኋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አናት ላይ ቆሜ ስመታ ኖሬያለሁ፤ ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ ባለው አስፋልት ዳርና ዳር ያሉትን ቤቶች ግማሹን የከደንኩት እኔ ነኝ ብል ብዙ አልዋሸሁም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። መኩራራቱን ባለፈው ግንቦት ጨርሼዋለሁ። የምነግራችሁ እሱኑ ነው፤ ኩራቴ እትዬ ረሂማ ግቢ ገብቶ ምን አድርጎ እንደወጣ።

የእትዬ ረሂማ ቤት ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ወደ ቆላው በሚወርደው የጠጠር መንገድ ዳር፣ ማንጎ የበዛበት ግቢ ውስጥ ነው። ባላቸው ሙሐመድዘይን ማንጎና ብርቱካን እየጫነ ወልድያ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ መሣሪያ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ፍንጣሪው የቤቱን ቆርቆሮ ወንፊት አድርጎት አለፈ፤ ሙሐመድዘይን ከተቀመጠበት አልተነሳም። አጠገቡ የነበረው ልጁ ሂሻም አንድ ቦታ እንኳ አልተጫረም። ሰው ሁሉ አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተረፈ አለ። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያ ሥር ማደር አቃተው።

አራት ዓመት ሙሉ ከማንጎው ዛፍ ሥር በጠፍር አልጋ ላይ አደረ። ክረምት ሲመጣ ላስቲክ ይወጥራል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ቁጭ ብሎ ሲያወራችሁ ምንም የጎደለው ነገር አይታይበትም፣ ረጋ ያለ፣ ጨዋታው የሚጥም ልጅ ነበር። ደሴ ወስደው አሳክመውታል፤ መድኃኒት ሰጡት። ሸሆቹም ቁርአን ቀሩበት። እናቱ የቆርቆሮውን ቀዳዳ በሬንጅ አስደፈኑ፤ ሬንጁ በሙቀት እየቀለጠ ወረደና ቀዳዳው ተመልሶ ተከፈተ። ፀሐይ ስትበረታ የብርሃን ነጠብጣብ ወለሉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ግድግዳው ላይ ይፈሳል። ሂሻም ለእናቱ ብሎ ይገባል፣ ቁጭ ይላል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ተነስቶ ይወጣል። እትዬ ረሂማ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው እንደ ሰው ጣሪያ ሥር ተኝቶ ሲነጋለት ማየት።

ታላቅ እህቱ ሉብና ጂዳ ናት። ከምትሠራበት ቤት ሰገነት ላይ ሆና የሰፈሩን ጣሪያዎች ቀርጻ በቴሌግራም ላከች። ነጫጭ ናቸው፣ ምስማር የሚባል አይታይባቸውም። «እማዬ፣ እንዲህ ያለ አሠሪለት» አለች በድምፅ። «አንድ ቀዳዳ የሌለው። ቀና ሲል የሚያየው ነገር አይኑር።»

ይህን ሥራ መርሳ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰመራ በረሃ ላይ ሦስት ዓመት መጋዘን ስንከድን ሄኖክ የሚባል የወልድያ ልጅ ፎርማናችን ነበር፤ እሱ ነው ያስተማረኝ። ቆርቆሮው ከአናት እስከ ክፈፍ አንድ ወጥ ነው። ግራና ቀኙ ሽቅብ የታጠፈ ጠርዝ አለው። እንጨቱ ላይ ትንንሽ መያዣ ብረት ትመታለህ፤ ከዚያ የሁለቱን ቆርቆሮ ጠርዝ መያዣውን መሐል አስገብተህ አንድ ላይ ታጥፈዋለህ፣ አለቀ። ቆርቆሮው ራሱ አይበሳም። አናቱ ላይ ይያዛል፣ ታችኛው ጫፉ ልቅ ነው። ሄኖክ በቀን አሥር ጊዜ የሚጮህብን አንድ ነገር ነበር፤ ታች በኩል እንዳትቸነክሩት። በረሃ ላይ ብረት ሲነጋና ቀን አንድ አይደለም፤ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። መሄጃውን ከዘጋችሁበት እዚያው ይታገላል፣ ያብጣል፣ ይጮሃል።

እትዬ ረሂማ ሥራውን ሲሰጡኝ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

«ቀዳዳ የለውም?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«ምስማርስ?»

«አንድም። ቆርቆሮው ጭራሽ አይበሳም።»

«እንግዲያ ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ፣ አንድ ቀዳዳ አይኖረውም» አልኳቸው። ያን ቀን እውነት ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ እኔና ሁለት ሠራተኞቼ አሮጌውን ቆርቆሮ አውርደን ጀመርን። ወደ አንድ ጎን የሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ አሥራ ስምንት ቆርቆሮ፣ የእያንዳንዱ ርዝመት ዘጠኝ ሜትር። የዚያ ሰሞን ሙቀት የቆላ ሰው ለሆንነው እንኳ ከበደን። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወጥተን እስከ አራት ሰዓት እንሠራለን፤ ከዚያ በኋላ ብረቱን በባዶ እጅ የነካ ሰው ቆዳውን እዚያ ትቶ ይነሳል። ተንበርክከን የምንሠራበትን ቦታ በእርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን፤ ጆንያው ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ደርቆ ይቆማል። ነጭነቱ ደግሞ ዓይን ያሳውራል። ወርደን ከማንጎው ሥር እንጋደምና አሥር ሰዓት ላይ እንመለሳለን።

ሂሻም በሦስተኛው ቀን መሰላሉ ሥር መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ መያዣ ብረቶቹን ያቀብለን ጀመር። በማግስቱ ሳልጠራው ወጣ። እናቱ ከማድቤቱ በር ላይ ሆነው አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ያያሉ፤ እንዳይደነግጥ ብለው ትንፍሽ አላሉም።

«ጋሽ ሙስዐብ፣ ይሄ እንዴት ነው ሳይመታ የሚይዘው?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ምላሴ አያርፍም። አናቱን አሳየሁት፣ መያዣውን አሳየሁት፣ ክፈፉ ላይ ወስጄ ልቁን ጫፍ በእጁ አስነካሁት። እርሳስ አውጥቼ ሲነጋ ጫፉ የደረሰበትን እንጨቱ ላይ ምልክት አደረግኩለት። ስድስት ሰዓት ላይ መልሼ ወሰድኩት፤ ጫፉ ምልክቱን የጥፍር ወርድ ያህል አልፎ ወጥቷል።

ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። «ሄዷል» አለ።

«ሄዷል። ማታ ይመለሳል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲሄድ ሲመለስ ይኖራል።»

«መሄጃ ባያገኝስ?»

«ያብጥና ይጮሃል። እንደ ጥይት ነው የሚጮኸው፤ ሰመራ ላይ አንድ ሰነፍ ሠራተኛ ታች ቸንክሮት ሰምቻለሁ።» ጥይት የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። ሂሻም ግን አልደነገጠም። ምልክቷን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋትና «ስለዚህ ይሄ አይጮህም» አለኝ። አይጮህም አልኩት። እውነትም በእነዚያ ሁሉ ቀናት ፀሐዩ እንደዚያ እየነደደ ቆርቆሮው አንድም ድምፅ አላሰማም። ያን ልጅ ወደድኩት፤ የተናገርኩትን ሳይጥል የሚይዝ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ አብዱልጀሊል ልምጣ። መዶሻ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። በእኛ ዘንድ ጣሪያ ሲያልቅ የመጨረሻዋ ምስማር ሳትመታ ትቀመጣለች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ምግብ ቀርቦ፣ ዱዓ ከመደረጉ በፊት ትልቅ ሰው ወጥቶ ይመታታል። በመርሳ ዙሪያ ያቺን ምስማር ሠላሳ ዓመት የመቱት ጋሽ አብዱልጀሊል ናቸው። ያለቀለት ቀን ያገር ሰው እትዬ ረሂማ ግቢ ተሰበሰበ። እሳቸውም ኮታቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በኪሳቸው አንድ አዲስ ምስማር ጨምረው መጡ። ጣሪያው ምስማር እንደሌለው ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ልነግራቸው ሲገባ ረስቼዋለሁ።

መሰላሉን ይዤ አወጣኋቸው። ምርኩዛቸውን ታች ትተው ወጡ። ከዚያ ግራ ቀኙን አዩት።

«የት ልምታት?»

«ጋሼ፣ ይሄ ምስማር የለውም።»

«ምስማር የለውም?»

«የለውም። እርስ በእርሱ ተጣጥፎ ነው የሚይዝ።»

ምስማሯን በጣታቸው መሐል አገላበጧት፣ ታች ያለው ሰው አንጋጦ ያያል። «እንግዲያ ነፋስ ሲመጣ ማን ይይዘዋል?» አሉ በመጨረሻ። ሰው ሳቀ። ከታች አንዱ «እንደ ውርጌሳው እንዳይሆን» አለ፤ ሳቁ ጨመረ። የውርጌሳውን ማንሳት አልፈልግም፤ ግን ካላነሳሁት አይገባችሁም። ከሁለት ዓመት በፊት ውርጌሳ ላይ የከደንኩትን አንድ መጋዘን ነፋስ ነቅሎት መንገድ ዳር ጥሎታል። ሰው አልነካም እንጂ አንዲት በግ ቆርጧል። ምስማር ቆጥቤ ነበር። እስከ ዛሬ ባጃጅ ላይ ስሳፈር የሚቀልዱብኝ አሉ።

ጋሽ አብዱልጀሊል ምስማሯን ኪሳቸው ከትተው ወረዱ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ነው ያሉት፤ ዱዓውንም አደረጉ፣ ከምግቡም ቀመሱ። ያን ቀን ከመግሪብ በፊት ከቆላው በኩል ነፋስ ተነሳ፤ ቤቴ ተኝቼ የሰማሁት የማንጎ ቅጠል ሳይሆን የውርጌሳው ቆርቆሮ ነበር። የሄኖክን ትምህርት አውቀዋለሁ። መያዣዎቹን ራሴ ነኝ የመታሁት፣ አንድም አልቆጠብኩም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ምስማር የመታ እጅ ልቅ ጫፍ አይቶ አያርፍም፤ በዚያ ላይ ሳቁ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ሲነጋ፣ እትዬ ረሂማ ገና ሶላታቸውን ሳይጨርሱ፣ «ጠርዙን አንዴ ልየው» ብዬ ወጣሁ። ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር። ከግድግዳው ውጭ በወጣው የክፈፉ ጫፍ ላይ በአንድ ቆርቆሮ ሁለት ሁለት ብሎን አሰርኩ፤ ሠላሳ ስድስት። ከቤት ውስጥ ሆኖ የሚታይ ብርሃን እንዳይኖር አውቄ ነው ከግድግዳው ውጭ ያደረግኩት። የብሎኖቹን ራስ ነጭ ቀለም ቀባኋቸው። ቤቱ ውስጥ ቀዳዳ የለም፤ መሐላዬም አልፈረሰም ብዬ ራሴን አታለልኩ። የጥፍር ወርድ ምን ያመጣል አልኩ ደግሞ። ወርጄ ሻይ ጠጣሁና ሄድኩ፤ ሌላ ሥራ ስላለብኝ መሰላሉን ለጊዜው እዚያው ተውኩት።

ከዚያ ሰማዩ ዳመነ። ዘግይቶ የመጣ የበልግ ዝናብ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ፀሐይ የሚባል አልታየም። በመጀመሪያው ምሽት ሂሻም አልጋውን በራሱ ተሸክሞ ቤት አስገባ። ተጋደመ፣ ቀና ብሎ አየ፣ የሚያየው ነገር አጣ፣ ተኛ። ይህን የነገሩኝ እትዬ ረሂማ በስልክ ነው፤ እያለቀሱ ነበር።

«ዝናቡ ሌሊቱን ሲመታው አደረ፣ ሙስዐብ። እሱ አልሰማም። እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ ሳየው ያደርኩ። አላህ እጅህን ይባርከው።»

አሜን አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በእውነት ደስ ብሎኛል። በየማለዳው ይደውሉልኛል፤ ጣሪያ ሥር ካደረ ሦስት ሌሊት ሆነው፣ አምስት ሆነው፣ ሰባት ሆነው ይሉኛል። ለሉብናም በየቀኑ እንደሚነግሯት ነገሩኝ። እኔም ሻይ ቤት ተቀምጬ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ የውርጌሳውን ያነሳ ሰው አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ደመናው ተገፎ ፀሐይዋ ያጠራቀመችውን ሙቀት ሁሉ ይዛ ወጣች። አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ቶሎ ና» አሉ እትዬ ረሂማ። «ጣሪያው ይተኩሳል።»

ስደርስ ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ጋሽ አብዱልጀሊልም መጥተዋል። ሂሻም ከማንጎው ግንድ ሥር ተኮማትሮ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። በዚያው ቅጽበት ጣሪያው ጧ አለ። ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ነው፣ ጥይት ነው ብል አታምኑኝም ብዬ አልሰጋም። ሴቶቹ አንገታቸውን ቀበሩ። ቀጥሎ ሌላ ቆርቆሮ ጮኸ፣ ደግሞ ሌላ። ምን እንደሆነ ከመጀመሪያዋ አውቄያለሁ። ሠላሳ ስድስቱም በየተራ የሚጠሩኝ መሰለኝ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ እትዬ ረሂማ።

ያኔ እውነቱን ብናገር፣ መሰላሉ እዚያው ተደግፏል፣ ወጥቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነቅዬ እጨርሰው ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል። መምህሬ ያዩኛል። ወላሂ ያልኳቸው ሴት ከፊቴ ቆመዋል።

«አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ይለምዳል።»

«ይለምዳል?»

«በሦስት አራት ቀን ይለምዳል።»

ሂሻም ጆሮውን ለቀቀ። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ድምፁ ግን ረጋ ያለ ነበር። «ጋሽ ሙስዐብ» አለኝ፣ «ምናልባት የሆነ ቦታ መሄጃ አጥቶ ይሆን?»

ልጁ ራሴ ያስተማርኩትን መልሶ አቀበለኝ። እጄን ዘርግቼ መቀበል ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አይደለም» አልኩት። «አንተ አልገባህም።»

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እንደዚያች ቃል የሚያሳፍረኝ የለም። ገብቶት ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ «እሺ» አለ፣ እኔም ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለሄኖክ ደወልኩ፤ ለምን እንደደወልኩ አላውቅም። ቆርቆሮ እየጮኸብኝ ነው ስለው የመጀመሪያ ጥያቄው «ታች ቸነከርከው እንዴ?» ነበር። ኧረ አልቸነከርኩም አልኩት። ለእሱ እንኳ፣ ወልድያ ቁጭ ብሎ ምንም ለማያደርገኝ ሰው፣ ዋሸሁ።

መላዬ ይኼ ነበር፤ ቅዳሜ የመርሳ ገበያ ነው፣ እትዬ ረሂማ ገበያ ይውላሉ፤ እሳቸው ሲወጡ ገብቼ ነቅዬ፣ ቀዳዳውን በማጣበቂያ ደፍኜ፣ ቀለም ቀብቼ እወጣለሁ። ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ ደወልኩላቸው።

«ውስጥ ነው» አሉኝ። «ጥጥ ጆሮው ውስጥ ጠቅጥቆ ተቀምጧል። ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልወጣም። ውጣ ብለው፣ አልወጣም እማዬ አለኝ። ይለምዳል ብለህ የለ? ልልመደው ብሎ ነው።»

ቆርቆሮው ይለምዳል ነበር ያልኩት። እሱ ደግሞ መልመዱን በራሱ ላይ ወሰደው። ያን ጊዜ መሮጥ ነበረብኝ፤ አልሮጥኩም። ዓርብም አልሄድኩም፤ ከጁምዓ በኋላ እናቱን መስጊድ በር ላይ አይቻቸው በሌላ በኩል ዞርኩ።

ቅዳሜ ዕቃዬን በጆንያ ይዤ መጀመሪያ ገበያ ሄድኩ፤ እትዬ ረሂማ መውጣታቸውን በዓይኔ ላረጋግጥ ብዬ። አገኘኋቸው። ሽንኩርት እየመረጡ ነበር፤ እኔ ከጆንያ ተራው ጀርባ ቆሜ አያቸዋለሁ። ልዞር ስል ስልካቸው ጮኸ። አነሱት። ሽንኩርቱን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ቆሙ፣ ከዚያ ዘንቢሉን እዚያው ትተው በሕዝቡ መሐል መሄድ ጀመሩ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ያወቁ አይመስሉም። ደርሼ ክንዳቸውን ያዝኩ። «ሂሻም ወደቀ ይላሉ» አሉኝ። ለምን ከኋላቸው እንደተገኘሁ አልጠየቁኝም። በአንድ ባጃጅ ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ «ሕያው ነው ብለውኛል» ይሉ ነበር። እንደዚያ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ሂሻም ከክፈፉ ሥር፣ ከመሠረቱ የተረፈው ድንጋይ ላይ ነበር የወደቀው። ጭንቅላቱን ነው። ጎረቤቶች ነጠላ አልብሰውታል። መሰላሌ በቦታው ቆሟል። «ሕመሙ ነው ያወጣው» ይላል አንዱ፣ «ድምፁን ሲሰማ አእምሮውን ሳተ» ይላል ሌላው። እትዬ ረሂማ ተንበርክከው የልጃቸውን ቀኝ እጅ ያዙ። ተጨብጦ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱት።

አምስት ብሎኖች ነበሩ፤ ራሳቸው ነጭ። አጠገቡ የአባቱ አሮጌ ፒንሳ ወድቋል። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ስድስት ሌሎች ተገኙ።

ቀና ብዬ አየሁ። አምስት ቆርቆሮዎች ነፃ ወጥተዋል። ስድስተኛው አንዱ ብሎኑ ወልቆ በአንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ያን ሁሉ የተቋጠረ ሙቀት በአንድ ብሎን መያዝ አቅቶት ከልጁ እግር ሥር ዘሎ ጥሎታል። ልጁ አእምሮውን አልሳተም። በዚያ ሰዓት ከእኛ ሁሉ አእምሮ የነበረው እሱ ነበር። ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ምልክቷን አይቷል፣ ጫፉ አለመሄዱን አይቷል፣ ቀለሙን ፍቆ ብሎኑን አግኝቷል፤ ከዚያ ያስተማርኩትን አደረገ። መሄጃውን ከፈተለት።

እትዬ ረሂማ ብሎኖቹን መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጣሪያው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ብሎኖቹን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሯቸው። ልጁን በዚያው ቀን ከዙሁር በኋላ ቀበርነው። ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሰው ቦታ ለቀቀልኝ፣ ለልጁ ጣሪያ የሠራለት ነው ብሎ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ጠሩኝ። ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል።

«መቼ ነው የመታኸው?»

«ዱዓው በተደረገ ማግስት፣ ሲነጋ።»

«ለምን?»

ጋሽ አብዱልጀሊል ላይ ላላክከው ከጀለኝ። ነፋሱ ላይ፣ የሳቀብኝ ሰው ላይ። «ፈራሁ» አልኩ። «ደግሞ አፈርኩ። ረቡዕ ልነግርዎት ነበር፤ ሰው ቆሞ ነበር።»

«ቸነከርኩት ብትለኝ እኔ ምን እልህ ነበር?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «እንግዲያ ንቀለው ነው የምልህ። ሌላ ምን እልሃለሁ? እንደኔ ያለች ሴት ፈርተህ ነው?»

ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ስል ሰበሰቡት።

«ተነስ። ውጣና የቀረውን ጨርስለት።»

ስድስት ሰዓት ነበር። ጆንያም ጓንትም አልያዝኩም። በሂሻም ፒንሳ ሃያ አምስቱን ነቀልኩ፤ መዳፌ ተላጠ፣ ጉልበቴ ተቃጠለ፣ ይህን የምላችሁ እዘኑልኝ ብዬ አይደለም። አንዱ በተነቀለ ቁጥር ቆርቆሮው ትንሽ ወደፊት ይሄድና ያርፋል። የመጨረሻው ሲወጣ ጣሪያው ዝም አለ። ወርጄ ሃያ አምስቱን ሰጠኋቸው፤ ካለው ጋር ቋጠሯቸው።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «ለሉብና ወደቀ ብያታለሁ። ማንጎ ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀ ብያታለሁ። ጣሪያው መሆኑን ካወቀች እኔ ነኝ ያሠራሁለት ትላለች፣ እሷንም አጣታለሁ። አንተም አትነግራትም።»

«እሺ» አልኩ።

ዛሬ ያ ጣሪያ ሲነጋ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል፤ ትንፍሽ አይልም። ቤቱ ውስጥ ግን የሚያድር የለም። እትዬ ረሂማ አልጋውን መልሰው አውጥተው ከማንጎው ሥር በእሱ ቦታ ነው የሚተኙ። ክረምቱን በላስቲክ ነው ያሳለፉት። ግቡ ያላላቸው ሰው የለም፤ አይገቡም።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ከጂዳ የድምፅ መልእክት መጣ። ሉብና ናት። ስላልደወለች ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ሐዘኑ ምላሷን እንደያዘው ነገረችኝ። «ጋሽ ሙስዐብ» ትላለች በመጨረሻ፣ «ሁሉን እማዬ ነግራኛለች። አላህ ይስጥህ። በአንተ እጅ ወንድሜ ዘጠኝ ሌሊት ጣሪያ ሥር ተኝቶ አደረልን። እኔ ያንን ይዤ ነው የምኖረው።»

ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እስካሁን አልመለስኩላትም።